ኮቱን ያየ ሰው

እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ሳለ ካፖርት የለበሰች ሴት አለፈች። ዓይኑን የያዘው የካፖርቱ ትከሻ ነበር። አቆራረጡ ማረከውና ካሜራውን አነሣ። ሴትየዋ ፊልም መሥራት ካቆመች 37 ዓመት ያለፋት፣ ከካሜራም ስትሸሽ የኖረችው ግሬታ ጋርቦ መሆኗን ያወቀው ካነሣት በኋላ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ ፎቶውን በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 ከሌሎች የመንገድ ላይ ፎቶዎቹ ጋር አሳተመ። ሰውየው ቢል ካኒንግሃም ይባላል። እስከ ሞተበት እስከ 2016 ድረስ የከተማዋን አለባበስ በዚያው ጋዜጣ ሲዘግብ ኖሯል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጽሑፍ ሙያውን ያስተዋውቃል። የመንገድ ላይ ፋሽን ፎቶግራፍ ይባላል። ሞዴል የለውም፣ ስቱዲዮ የለውም፣ የተከራየ ልብስ የለውም። የሚያነሣው ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው የገዙትን ወይም ያሰፉትን፣ ጠዋት ከቤት ሲወጡ መርጠው የለበሱትን ልብስ ነው። ሙያው አዲስ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሴበርዤ የተባሉት ወንድማማቾች በፓሪስ የፈረስ ውድድር ሜዳዎች የሚታደሙትን ሴቶች አለባበስ ያነሡ ነበር። ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ ሾይቺ አኦኪ የሐራጁኩን ወጣቶች የሚያሳየውን ‹ፍሩትስ› መጽሔት በ1997 ጀመረ። ዛሬ ካሜራ በየሰው ኪስ ስላለ ሙያውን ለመሞከር የሚያግድ የለም። ዘልቆ መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሚቆየውም እንደ ካኒንግሃም ከዝነኛው ፊት በፊት ኮቱን የሚያይ ሰው ነው።

ከካሜራው በፊት

ካኒንግሃም በ1929 ቦስተን ተወለደ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አቋረጠና ኒው ዮርክ ሄዶ የሴቶች ባርኔጣ መሥራት ያዘ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የባርኔጣው ገበያ ሲቀዘቅዝ ስለ ልብስ ለጋዜጣ ወደ መጻፍ ዞረ። የመጀመሪያውን ካሜራ ያገኘው በ1967 ገደማ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺ ወዳጁ ትንሽ ኦሊምፐስ ሰጠውና እንደ ማስታወሻ ደብተር እንዲጠቀምባት መከረው። ካሜራዋ በአንድ ፎቶ ቦታ ሁለት ስለምትቀርጽ፣ 36 ፎቶ የሚያነሣው ፊልም 72 ይሆንላታል። ብዙ ለሚያይና ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው የተመቸች ነበረች።

ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ካሜራው የመጣው ጨርቅ መቁረጥን፣ መስፋትንና ስለ ልብስ መጻፍን ካወቀ በኋላ ነው። የጋርቦን ትከሻ እንዲያይ ያደረገው ዓመታት በመርፌና በክር ያሳለፈ እጁ ነው። ጀማሪም ውድ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ልብስ ሰፊ ዘንድ ይቀመጥ። እጅጌ ከትከሻ ጋር እንዴት እንደሚጋጠም፣ አንዱ ቀሚስ ለምን እንደሚወርድ፣ ሌላው ለምን እንደሚሸበሸብ ይጠይቅ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ አለለት። ከጋሞ ደጋ ከመጡት ሸማኔዎች ጎን ቁጭ ብሎ ድሩ ሲዘረጋ፣ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲመላለስ፣ ጥለቱ ክር በክር ሲወጣ አንድ ቀን ቢያይ፣ ከዚያ በኋላ የሐበሻ ቀሚስን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

አንድ ማዕዘን ላይ መቆም

ካኒንግሃም በብስክሌት ይዞር ነበር። የሚለብሰውም የፈረንሳይ ሠራተኞች የሚለብሱትን ርካሽ ሰማያዊ ጃኬት ነው። አዘውትሮ የሚቆመው ግን አንድ ቦታ ነበር፦ ማንሐተን ውስጥ አምስተኛ ጎዳናና 57ኛው መንገድ የሚገናኙበት ማዕዘን። ለውጥ የሚታየው ለቆመ ሰው ነው። በየሳምንቱ ቦታ የሚቀያይር ሰው የቦታን ልዩነት ያያል፤ እዚያው የሚመለስ ግን የጊዜን ልዩነት ያያል። አምና ጥቁር የነበረው ጎዳና ዘንድሮ ለምን እንደቀላ፣ ካፖርቱ በስንት ጣት እንዳጠረ የሚገባው ለእርሱ ነው።

ሌላው ልማዱ ርዕስ ይዞ አለመውጣቱ ነው። መንገዱ እስኪናገር ይጠብቃል። ነጥብ ጣል ጣል ያለበት ቀሚስ አንዴ ቢታይ አጋጣሚ ነው፤ በሳምንት ውስጥ አሥሬ ከታየ ግን ወሬ ነው። ስለዚህ የጋዜጣ ዓምዱ አንድ ትልቅ ፎቶ ሳይሆን በአንድ ሐሳብ የተሰበሰቡ ብዙ ትንንሽ ፎቶዎች ይዞ ይወጣ ነበር። ጀማሪ ከእርሱ የሚወርሰው ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል። አንዲት ያማረባት ሴት ፎቶ ታስደንቃለች፤ ተመሳሳይ ነገር የመረጡ አሥር ሰዎች ግን ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ይናገራሉ።

ሸማ በየፈርጁ

የእኛ ጎዳና የራሱ ሰዋስው አለው። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል። በአክብሮት ቆሞ የሚያስተናግድ ያደገድጋል። ሐዘን የገባው ያዘቀዝቃል፤ ጥለቱ ከግርጌ ተነሥቶ ወደ አንገት ይወጣል። ጨርቁ አንድ ነው፣ መልእክቱ ግን ሦስት። ይህን የማያውቅ ፎቶ አንሺ ሦስቱንም «ነጭ ነጠላ» ብሎ ያልፋቸዋል። የሚያውቅ ግን ከልብሱ አለባበሱን ለይቶ ያነብባል። ያዘቀዘቀች ሴት ሲያይም ካሜራውን ያወርዳል።

ነጭ ልብስ በቴክኒክም ይፈትናል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ጃንሜዳ ላይ በጥምቀት ነጭ በለበሰ ሕዝብ ፊት ሲቆም ብርሃኑ በዛብኝ ብሎ ይቀንሳል። ያኔ ነጩ ሸማ አመድ ይመስላል፣ የሰዎቹም ፊት ይጨልማል። መፍትሔው ብርሃኑን በእጅ ጨመር ማድረግ ነው፤ በስልክ ከሆነ ፊቱን ነክቶ የብርሃኑን ምልክት ወደ ላይ መሳብ ይበቃል። ከልክ ካለፈ ደግሞ የፈትሉ መስመርና የጥለቱ ዝርዝር ይጠፋል። በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች። የጠዋትና የአመሻሽ ብርሃን በጎን ስለሚመጣ የጨርቁን ሽመና ጎላ አድርጎ ያሳያል። በቀትር ማንሣት ግድ ከሆነ ሰውየውን ወደ ዛፍ ወይም ወደ ግድግዳ ጥላ ጠጋ እንዲል መጠየቅ ነው።

ፎቶው የማይናገረውን መጻፍ

ፎቶ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ከሥሩ የሚጻፈው ነው፤ እዚያ ላይ «ድንቅ»፣ «ውብ»፣ «ዘመናዊ» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። አንባቢ ማወቅ የሚፈልገው ጨርቁ ጥጥ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ፣ ማን ሰፋው፣ የእናቷ ነበር ወይስ አዲስ፣ ለምን ዛሬ ለበሰችው የሚለውን ነው። ሰው ስለ ልብሱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። አንድ ጥያቄም ብዙውን ጊዜ አንድ ታሪክ ይወልዳል።

በእጅ የተሸመነ ጥለትና በማሽን የታተመ ጥለትም ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ጠርዙን ገልበጥ ማድረግ ይለያቸዋል፤ የተሸመነው በጀርባውም የክሩ መንገድ ይታያል፣ የታተመው ግን ጀርባው ይፈዝዛል። የታተመውን የለበሰ ሰው አይነቀፍም፣ ኪስ የፈቀደውን ነው የለበሰው። ዘጋቢው ግን ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራ ሸማኔውን ድካሙን ይነጥቀዋል።

ውኃ እንኳ አለመጠጣት

ካኒንግሃም የበጎ አድራጎት ግብዣዎችንም ይዘግብ ነበር፤ በእነዚያ ድግሶች ግን ምግብ ቀርቶ ውኃ እንኳ አይቀምስም ነበር። ‹ዲቴልስ› ለተባለው መጽሔት ሲሠራ የሚሰጡትን ቼኮች አልቀበልም ይል ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ ውስጥ ቋሚ ሠራተኛ የሆነውም በ1994፣ በብስክሌት ሲሄድ መኪና ገጭቶት የጤና መድን ግድ ሲሆንበት ነው። ከግብዣውና ከክፍያው የሚርቅበት ምክንያት ቀላል ነበር፤ ከሰው እጅ የበላ ዓይን የዚያን ሰው ልብስ እንደ ልቡ ሊያይ አይችልም።

ሁሉም ሰው እንደ እርሱ ይኑር ማለት አይቻልም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ከሙያው መብላት አለበት። መሠረቱን ግን መጠበቅ ይቻላል። ልብስ በስጦታ ከተሰጠው፣ ወይም እንዲያወድስ ከተከፈለው፣ አንባቢው ሳይጠይቀው ይንገረው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያውን በ2009 ሲያሻሽል ይህንኑ በግልጽ ጠይቋል። ሕጉ ባይኖርም አንባቢ ውሎ አድሮ ይነቃል፤ አንድ ጊዜ የጠፋ እምነት ደግሞ በአሥር ያማረ ፎቶ አይመለስም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው አክብሮት ነው። ካኒንግሃም ሰዎችን የሚያነሣው ለመሳቂያ አልነበረም፤ የሚፈልገው በአለባበሱ የደፈረና ያሰበበት ሰው ነው። እኛም ዘንድ አስፈቅዶ ማንሣት ይሻላል፤ በተለይ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና በጸሎት ላይ ያሉትን። እምቢ ያለ ሰው ምክንያቱን እንዲናገር አይገደድም።

ለዓመት በዓሉ ቀን

ካኒንግሃም ለረጅም ጊዜ የኖረው ከካርኔጊ አዳራሽ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ክፍሏን የሞላት የፊልሞቹ መሳቢያ ነው፤ ለአልጋው የቀረው ትንሽ ቦታ ነበር። ሲሞት ከተማዋ ያን የሚቆምበትን ማዕዘን ለጊዜው በስሙ ጠራችው። የመንገድ ስም ይነሣል፤ መሳቢያዎቹ ውስጥ ያለው ግን አሜሪካውያን ለአሥርት ዓመታት እንዴት እንደለበሱ የሚመሰክር መዝገብ ነው።

በእኛ ዘንድ የጥበቡ ቀለምና ንድፍ ከበዓል በዓል ይለዋወጣል፤ የዘንድሮው ፋሲካ የአምናውን አይመስልም። አንድ ወጣት ዛሬ ስልኩን ይዞ ቢወጣ፣ አንድ ማዕዘን ቢመርጥና በየዓመቱ እዚያው ቢቆም፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሸማኔውንም ስም ፈቅዶ እንደሆነ ቢጽፍ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጃገረዶች የእናቶቻቸውን ቀሚስ ጥለት ሲፈልጉ የሚያገኙት እርሱ ዘንድ ይሆናል።