የማን እጅ ነካት?

ከማራዶና ፖርሽ እስከ ስቲቭ ማክዊን ሙስታንግ... ታድሰውና ተለውጠው የሚሸጡ የድሮ ስፖርት መኪኖች ዋጋ የሚወጣው ከየት ነው?

ዲዬጎ ማራዶና ካረፈ አራት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ንጉሡ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 25 ቀን 2020 አረፈ፤ በማርች 2021 ደግሞ ቦንሃምስ የተባለው የእንግሊዝ አጫራች ድርጅት ለፓሪስ ሽያጩ አንዲት ብርማ ፖርሽ 911 አቀረበ። ጣሪያዋ የሚከፈት፣ የ1992 ስሪት። ድርጅቱ ከ150 ሺህ እስከ 200 ሺህ ዩሮ ታወጣለች ብሎ ገመተ። የተሸጠችው ግን በ483 ሺህ ዩሮ ነው!

ምን ቢኖራት ነው? እውነቱን እንናገር ከተባለ በመኪናነቷ ያን ያህል የምታስጨበጭብ አልነበረችም። የዚህች ሞዴል ስም «ተርቦ ሉክ» ነው። ሰፊውን የተርቦ አካል ፋብሪካው አልብሷታል፤ ኮፈኑ ሲከፈት የሚገኘው ሞተር ግን የተራዋ ካሬራ ባለ 3.6 ሊትር፣ 250 የፈረስ ጉልበት ነው። የዚያን ዘመን እውነተኛ ተርቦ 320 ነበራት። በኳስ ቋንቋ 10 ቁጥር ማሊያ የለበሰ የመስመር ተከላካይ እንደማለት ነው።

ግን ማራዶና ነድቷታል። ያውም በዚያ ጊዜ! በጣሊያን 15 ወር ተቀጥቶ ከናፖሊ ጋር ከተለያየ በኋላ፣ በ1986 ከአርጀንቲና ጋር ዋንጫ ያነሳው አሰልጣኝ ካርሎስ ቢላርዶ ሴቪያ ውስጥ እጁን ዘርግቶ የተቀበለው ጊዜ ነው። በሴቪያ የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ሰውነቱ ከብዷል፣ እግሩ ግን ኳስ አልረሳም። በዚያች ፖርሽ በከተማው መሀል ሲበር ፖሊስ አስቁሞታል፤ ቀይ መብራትም አላከበረም። በ1993 ከሴቪያ ሲለቅ መኪናዋም ከእጁ ወጣች። ሌሎች ሰዎች ለዓመታት ነዷት። ያም ሆኖ ከ28 ዓመት በኋላ ገዢዎቹ ዋጋ የጨመሩላት ስለነዚያ ሰዎች ብለው አይደለም። በሜክሲኮው አዝቴካ ስታዲየም ከፒተር ሺልተን በላይ ተዘርግታ ኳሷን መረብ ውስጥ የከተተችው እጅ የዚያችን መኪና መሪ ጨብጣለች። አለቀ።

የዚህ ገበያ ትልቁ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። የድሮ ስፖርት መኪና ለመሸጥ የሚወጣ ሰው «ምን ያህል አወጣሁባት?» ብሎ ያሰላል። ገዢው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ «የማን እጅ ነካት?»

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ቋንቋ አይጠፋውም። ደላላው መጀመሪያ የሚያወራው «ሞተሯ አልተነካም፣ ቀለሟ የፋብሪካ ነው» ብሎ ነው። መነካት ነውር ነው! የኛ ደላላና በአሜሪካ በሚሊዮን ዶላር የሚያጫርተው ሰው በዚህ ላይ ይስማማሉ።

ሦስት ዓመት ጋራዥ፣ ሦስት ደቂቃ ድርድር

ዳትሰን 240 ዜድን እንውሰድ። በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈች፣ በኬንያ አቧራና ጭቃ ስሟን የተከለች የጃፓን ስፖርት መኪና ናት። ገበያ ስትወጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋዋ 3 ሺህ 500 ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ እሷን የሚያድስ ሰው ምን ያደርጋል? ሙሉ በሙሉ ይበትናታል። እያንዳንዷን ብሎን ይፈታል። ላሜራው በዝገት ስለሚበላ ቆርጦ አዲስ ይበይዳል፣ ቀለሟን እስከ ብረቱ አውርዶ እንደገና ይቀባል። እዚህ ድረስ እድሳት ነው። ከዚያ ደግሞ ልቡ አይችልም፤ ትልቅ ሞተር ይጭናል፣ ካምቢዮውን ይለውጣል፣ ሰፊ ቸርኬ ያስገባል፣ ጠንካራ ፍሬን ይገጥማል፣ ወንበሩን በአዲስ ቆዳ ያሰፋል። ይሄ ሁሉ የሁለትና የሦስት ዓመት ቅዳሜና እሁድ ነው። ሚስት የምትቆጣበት፣ ልጆች «አባዬ ጋራዥ ነው» የሚሉበት ዘመን ነው።

ታዲያ ሊሸጣት ሲወጣ ገዢው መጥቶ በሦስት ደቂቃ ውስጥ «ቀለሙን አልወደድኩትም» ይላል። ሻጩ የኮራበት ቸርኬ ለገዢው አውልቆ የሚጥለው ነገር ነው። ይህ ሰው የራሱን ምርጫ በብዙ ገንዘብ ገንብቷል፤ አሁን የሚፈልገው ደግሞ ልክ እሱን የመሰለ ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ አይገኝም። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ለእድሳትና ለለውጥ የወጣ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የጉልበቱንማ ጭራሽ የሚቆጥርለት የለም።

በተቃራኒው በጃንዋሪ 2020 አንዲት የ1971 ዳትሰን 240 ዜድ በአሜሪካ በኢንተርኔት ጨረታ 310 ሺህ ዶላር አወጣች። ትልቅ ሞተር ተጭኖላት ይሆን? ኧረ የለም! ጥቂት ማይል ብቻ የተነዳች፣ እንደተሠራች የኖረች ስለሆነች ነው።

ብልህ ሻጭ ስለዚህ ምን ያደርጋል? ያወለቀውን አይጥልም። የድሮው ሞተር፣ የድሮው ቸርኬ፣ የድሮው ወንበር ጋራዥ ጥግ ላይ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ መኪናዋ ስትሸጥ አብሮ ይሄዳል። በተለይ ሞተሩ! ፋብሪካው የገጠመላት ሞተር መሆኑን በቁጥሩ ማረጋገጥ የሚቻል ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ደረሰኙን ሁሉ ይይዛል። በየደረጃው ፎቶ ያነሳል፤ በተለይ ቀለም ከመቀባቷ በፊት ብረቷ ራቁቱን ያለበትን። ምክንያቱም የሚያብረቀርቅ ቀለም ስር ስቱኮ ተለስኖ ሊሆን ይችላል። ነቄ ገዢ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይዞ ይመጣል፤ ማግኔቷ ካልያዘች ከስር ያለው ብረት አይደለም ማለት ነው። ፎቶ ያለው ሻጭ ማግኔት አይፈራም።

ዘፋኙ ሲነካት

«የተነካ ሁሉ ይረክሳል» ያለ ሰው ግን ተሳስቷል። ወደ ማራዶና ፖርሽ እንመለስ። የእሷ ትውልድ በፖርሽ ቋንቋ 964 ይባላል፤ እስከ 1994 ድረስ የተሠራ 911 ነው። ይህንኑ 964 ይዞ ሌላ ጨዋታ የፈጠረ ሰው አለ። ሮብ ዲክንሰን ይባላል፣ እንግሊዛዊ ነው። ካትሪን ዊል በሚባል የሮክ ባንድ ውስጥ ሲዘፍን የኖረ ሰው ነው። ማይኩን ካስቀመጠ በኋላ በ2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲንገር የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ሲንገር ማለት ዘፋኝ ነው፤ ስሙ ኖርበርት ሲንገር የተባለውን ታዋቂ የፖርሽ ውድድር መሐንዲስም ያስታውሳል።

ዲክንሰን መኪና አይሠራም። ደንበኛው የራሱን 964 ይዞ ይመጣል። ሲንገር ደግሞ እስከ አጥንቷ ይበትናትና አብዛኛውን አካሏን በካርቦን ፋይበር ይለውጠዋል፣ ሞተሯን እስከ 4 ሊትር አሳድጎ እንደገና ይሠራል፣ መልኳን የ1960ዎቹና የ70ዎቹ 911 እንድትመስል ያደርጋል። የመጀመሪያው ዓይነት ሥራ በ450 መኪኖች እንዲያበቃ ተወሰነ። ከፎርሙላ 1ዱ ዊሊያምስ የምሕንድስና ክፍል ጋር የተሠራው ደግሞ ለ75 ደንበኞች ብቻ ሆነ። ከፖርሽ ፋብሪካ ጋር ግንኙነት እንደሌለውም ድርጅቱ በየአጋጣሚው ይናገራል።

እንግዲህ የሰፈር ጋራዥ ያለው ሰው የሚሠራው ይህንኑ አይደለም እንዴ? መበተን፣ ማደስ፣ መለወጥ... ሥራው አንድ ነው። የሲንገር እጅ የነካት 964 ግን እንደገና ለጨረታ ስትወጣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የምታወጣበት ጊዜ አለ። ገዢው ስለ ቸርኬው ምርጫ አይከራከርም። ሜሲ የፈረመበት ማሊያ ላይ «ፊርማው ትንሽ ጠመመ» የሚል ደንበኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የጃኒስ ፖርሽ፣ ሁለቴ የተቀባችው

በዚህ ገበያ ግን ከሲንገርም በላይ የምታስገርም አንዲት መኪና አለች። የአሜሪካ ሮክ ንግሥት የነበረችው ጃኒስ ጆፕሊን በ1968 ያገለገለች የ1964 ፖርሽ 356 በ3 ሺህ 500 ዶላር ገዛች። ግራጫ ነበረች። ጃኒስ ደግሞ ግራጫ የሚስማማት ሰው አልነበረችም። ዴቭ ሪቻርድስ የሚባል የባንዷ ሠራተኛ 500 ዶላር ተከፍሎት መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በስዕል ሞላት። ቢራቢሮ፣ ተራራ፣ ዓይን፣ ከዋክብት... በሳንፍራንሲስኮ ጎዳና ያላያት የለም። አንዴም ተሰርቃ ሌባው ስዕሉን በቀለም ሊሸፍን ሞክሮ ነበር፤ ተገኘች።

ጃኒስ በኦክቶበር 4 ቀን 1970 በ27 ዓመቷ ሞተች። መኪናዋ በስተመጨረሻ ለቤተሰቧ ተመለሰች፤ ስዕሉም እየተላላጠ ሄደ። ወንድሟ በ1970ዎቹ ምን አደረገ መሰላችሁ? ወደ ፋብሪካ ቀለሟ መልሶ ግራጫ ቀባት! እንደ ገበያው ሕግ ከሆነ ትክክል ሠርቷል፤ ወደ ኦሪጅናሉ መልሷታል። ግን ማንም አላጨበጨበም። ግራጫዋ ፖርሽ የጃኒስ አልመስል አለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቡ ሐሳቡን ቀየረ። የዴንቨር ቲያትር ሠዓሊዎች የድሮ ፎቶዎችን እያዩ ስዕሉን አንድ በአንድ እንደገና ሠሩት። ከ1995 ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል በክሊቭላንዱ የሮክ ሙዚየም ቆማ ታየች።

በዲሴምበር 2015 ኒውዮርክ ውስጥ ለጨረታ ስትወጣ ግምቷ ከ400 ሺህ እስከ 600 ሺህ ዶላር ነበር። 1 ሚሊዮን 760 ሺህ ዶላር ተሸጠች። ልብ በሉ፤ ገዢው ያገኘው ስዕል ሪቻርድስ በገዛ እጁ የሳለው አይደለም። የተደገመ ነው። ግን የእሷ ነው። በመኪናዋ ላይ የተጨመረው ነገር ከመኪናዋ በላይ ሆነ።

መልስ ያላገኘው ደብዳቤ

የመጨረሻዋ ደግሞ ሙስታንግ ናት፤ ፖርሽ ሰለቸን። በ1968 በወጣው «ቡሊት» ፊልም ስቲቭ ማክዊን በሳንፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት እየዘለለ የነዳት አረንጓዴ ፎርድ። ለፊልሙ ስትል የተለወጠች ናት፤ ያን ሁሉ ዝላይ እንድትችል እገዳዋ ተጠናክሯል። በ1974 ሮበርት ኪርናን የተባለ የኒው ጀርሲ ሰው በመጽሔት ማስታወቂያ አይቶ ገዛት። በስንት? በ3 ሺህ 500 ዶላር። የቤት መኪና ሆነች። ባለቤቱ መምህር ስለነበረች ትምህርት ቤት ትመላለስባት ነበር።

በ1977 ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ከራሱ ከማክዊን ነው! መኪናዬን መልስልኝ፣ ዋጋው ካልተጋነነ እገዛሃለሁ፤ እንዳትታደስ እፈልጋለሁ፣ በፊልሙ ላይ እንደነበረች ትሁንልኝ የሚል ነው። ኪርናን መልስ አልጻፈም። ማክዊን በ1980 ሞተ። በዚያው ዓመት የመኪናዋ ፍሪሲዮን ተበላሸና ቆመች፤ ጋራዥ ውስጥ ተረሳች። ዓለም ጠፋች እያለ ሲፈልጋት ቤተሰቡ ዝም አለ።

በ2001 አባትና ልጅ ሊያድሷት ተነሱ። ብዙም ሳይሄዱ አባትየው በፓርኪንሰን ታመመ፤ በ2014 ሞተ። ልጁ ሾን ያን ጊዜ ምርጫ ነበረው። ቀለሟ ተገርፏል፣ ጎኗ ተጋግጧል። ገንዘብ አውጥቶ እንደ አዲስ ሊያስመስላት ይችል ነበር። አላደረገውም። እንድትነዳ የሚያስፈልጋትን ብቻ ሠርቶ ጭረቱንና ዝገቱን እንዳለ ተወው። በጃንዋሪ 2018 ዲትሮይት ላይ ለዓለም ብቅ አደረጋት።

በጃንዋሪ 10 ቀን 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ ጨረታው ተከፈተ። መነሻ ዋጋ ተብሎ የተጠራው አባቱ የከፈለው 3 ሺህ 500 ዶላር ነበር። ሕዝቡ ሳቀ። ጥቂት ደቂቃ አለፈና መዶሻው 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ላይ ወደቀ፤ ከአጫራቹ ኮሚሽን ጋር 3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዶላር። የገዢው ስም አልተነገረም። ማክዊን ጽፎ መልስ ያላገኘው ደብዳቤም ከመኪናዋ ሰነዶች ጋር አብሮ ሄደ።