ባትሪ የበላው ማዘርቦርድ

አሮጌ ኮምፒውተር «አልነሣ አለ» ተብሎ ሲመጣልኝ ክዳኑን ከፍቼ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ፕሮሰሰሩ አይደለም፤ ኪቦርዱ ወደሚሰካበት ጥግ ነው። እዚያ አጠገብ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ፕላስቲክ የለበሰች ድቡልቡል ባትሪ አለች። በ386 እና በ486 ዘመን የተሠሩ ማዘርቦርዶችን እንደ እሷ የፈጀ ነገር አላየሁም።

ሥራዋ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱንና የተገጠመለትን የሃርድ ዲስክ ዓይነት እንዳይረሳ 3.6 ቮልት ትሰጠዋለች። ውስጧ ግን ከኒኬልና ከካድሚየም ጋር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ብርቱ አልካሊ አለ። ስታረጅ ይህ ፈሳሽ አምልጦ ቦርዱ ላይ ይንሰራፋል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን የመዳብ መስመሮች ይበላል፣ የደረሰበትንም አረንጓዴ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ ስቶር ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ቢቀመጥም መበላቱ አይቆምም። «ስናስቀምጠው ይሠራ ነበር» የሚሉኝ ሰዎች እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር 386 አሸክመው መጡ። ለዓመታት የሰበሰቧቸው ተረቶች ውስጡ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይነሣል?»

«እንየው ጋሼ። ግን ዛሬ ኤሌክትሪክ አልሰካበትም።»

ሃርድ ዲስኩን ብቻ አውጥቶ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት አይቀልም ወይ ትሉ ይሆናል። በዩኤስቢ የሚሰኩት ማገናኛዎች ብዙዎቹ የዚያን ዘመን ትናንሽ ዲስኮች አያውቋቸውም። ቢያነቡትም ሌላ ችግር አለ፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ፕሮግራሙ ከሌለ «ሀ» የነበረው ሌላ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የመምህሩ ተረት የሚነበበው በተጻፈበት ማሽን ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ማሽኑ መነሣት ነበረበት።

ባትሪዋን በመቁረጫ ቆርጬ አወጣኋት። አልካሊን የሚያረክሰው አሲድ ስለሆነ አረንጓዴውን ቦታ በአቼቶ በተነከረ የጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። ከዚያ በውኃ አጥቤ፣ በአልኮል አጥቤ፣ በደንብ እስኪደርቅ ተውሁት። የጠቆረ መዳብ ሶልደር ስለማይዝ፣ የተበሉትን መስመሮች ቀይ መዳባቸው እስኪታይ በስሱ መፋቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቴስተር። ኃይል ሳይሰጠው በ5 ቮልቱ መስመርና በግራውንዱ መካከል ለካሁ፤ ሾርት አልነበረውም። በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ግን ቴስተሩ ዜሮ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቦርዱን ይጥለዋል። ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዲት የጠብታ ቅርጽ ያላት ታንታለም ካፓሲተር ናት። እነዚህ ካፓሲተሮች ሲበላሹ ሾርት ያደርጋሉ፤ ኃይል ሲያገኙም በጭስ የሚፈነዱበት ጊዜ አለ። ተጠርጣሪዋን ነቅዬ ስለካ ሾርቱ ጠፋ፤ በቦታዋ አዲስ በየድኩ።

ፓወር ሰፕላዩንም ለብቻው መፈተን ግድ ነው። የዚያ ዘመን ፓወር ሰፕላይ ሸክም ከሌለበት በትክክል ላይነሣ ስለሚችል አሮጌ ሃርድ ዲስክ አስይዤ ለካሁት፤ ለ5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ድረስ ደህና ነው። ወደ ቦርዱ የሚገቡት ሁለት መሰኪያዎች ሲገጠሙ ጥቁር ገመዶቻቸው መሐል ላይ መገናኘት አለባቸው። ቢዘዋወሩ የዳነውን ቦርድ መልሰው ይገድሉታል።

ከዚያ የምርመራ ካርዱን ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ራሱን ይፈትሻል፤ በየደረጃው አንድ ቁጥር ይልካል፣ ካርዱም ያሳየዋል። ቁጥሩ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ፕሮሰሰሩ ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። የመምህሩ ቦርድ ቁጥሮቹ ሄዱና ቆሙ፤ ስፒከሩም ስድስት ጊዜ ጮኸ። በዚህ ቦርድ ላይ ባለው የኤኤምአይ ባዮስ ስድስት ጩኸት ኪቦርዱን የሚቆጣጠረውን አይሲ ይመለከታል። አይሲው ደግሞ ባትሪዋ አጠገብ ነው ያለው። ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ የሚናገር ቦርድ የሞተ ቦርድ አይደለም።

ከአይሲው አርባ እግሮች የሚነሡትን መስመሮች እየተከተልሁ በቴስተሩ ድምፅ ፈተሽኋቸው። አንደኛው ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ቴስተሩ ግን ዝም አለ። መስመሩ ወደ ታችኛው ገጽ በሚያልፍባት ቀዳዳ ውስጥ ተበልቶ ነበር። በቀጭን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ አገናኘሁት። ስክሪኑ ላይ ሜሞሪው መቆጠር ጀመረ።

ማሽኑ ዲስኩን ረስቶ ስለነበር ሲሊንደሩን፣ ሄዱንና ሴክተሩን ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት እያነበብሁ በእጅ አስገባሁለት። መምህሩ ተጠርተው ሲመጡ ፊደላቱ በየቦታቸው ነበሩ። መጀመሪያ ያደረግነው ፋይሎቹንና ፕሮግራሙን አብረን ፍሎፒ ላይ መገልበጥ ነው።

እናንተም ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ስቶር ውስጥ የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ካለ፣ እስኪ ይነሣ እንደሆነ ብላችሁ ኤሌክትሪክ አትስጡት። ክዳኑን ከፍታችሁ ባትሪዋን ፈልጉ። ባትፈስም ቆርጣችሁ አውጧት፤ ሰዓቱንና የዲስኩን ዓይነት ቢረሳ በእጅ ይሞላል። ካድሚየም መርዝ ነው፤ ልጆች ከሚደርሱበት አርቁት፣ እጃችሁንም ታጠቡ።