ሆድ ሳይገለጥ አልትራሳውንድ መማር

በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ነፍሰ ጡር እህታችን አልትራሳውንድ ተነስታ ስትወጣ ቤተሰብ የሚጠይቃት «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ነው። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። እንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ዘግቶ ከሆነ ምጥ ሳይመጣ መታወቅ አለበት፤ ሳይታወቅ ከቀረ የሚፈሰው ደም እናትንም ሕፃንንም ሊወስድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ሁሉ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትታይ መክሯል።

መሣሪያው ብቻውን አያይም። የሠለጠነ እጅና ዓይን ይፈልጋል። ይህ እጅ የሚሠለጥነው በማን ሆድ ላይ ነው? ተማሪ እየተፈራረቀባት ሆዷን ገልጣ መተኛት ሐያእ ላላት እህት ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ መንገር አያሻንም።

ሲሙሌተር የሚባለው ማስተማሪያ እዚህ ላይ ይረዳል። ከፕላስቲክ የተሠራ ሆድ ነው። በላዩ የሚንሸራተተው እጀታ የድምፅ ሞገድ አይልክም፤ ኮምፒዩተሩ እጀታው ያለበትን ቦታ እየተከተለ ከዚያ የሚታየውን ምስል ያወጣል። ምስሎቹ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛ እርግዝና የተቀረጹ ናቸው። ተማሪው የሕፃኑን ጭንቅላት ሃምሳ ጊዜ ቢለካ የሚሰለች፣ ቢሳሳት የሚጎዳ የለም። (ሐሳቡስ ጥንት ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የተባለች ፈረንሳዊት አዋላጅ በጨርቅ አሻንጉሊት የገጠር ሴቶችን አስተምራለች።)

ዋጋው ቀላል አይደለም። ደግሞም ፕላስቲክ አይፈራም፣ «አመመኝ» አይልም፤ ስለዚህ ተማሪው በመጨረሻ እናት ፊት መቅረቡ አይቀርም። ያን ጊዜ አስተማሪው አጠገቡ እንዲቆም መጠየቅ የእህታችን መብት ነው፤ ባሏም አብሯት ካለ ይጠይቅላት።