ጠባይ በተግሣጽ ብቻ አይታነጽም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! የሰው ልጅ ጠባይ በምን ይለወጣል? ብዙዎቻችን «በምክርና በተግሣጽ» ብለን እንመልሳለን። ምክር በሃይማኖታችን ያለው ደረጃ ከፍተኛ መሆኑ አይካድም፤ ብቻውን ግን ሥር እንደማይሰድ በየቲሞች አስተዳደግ ውስጥ በግልጽ አይተናል።

ከዓመታት በፊት ከምናስተምራቸው የቲሞች አንዱ ከመድረሳው ማዕድ ዳቦ እየሸሸገ ይወስድ ነበር። ስለ ስርቆት ከባድነት ደጋግመን ነገርነው፤ በጓደኞቹም ፊት ገሠጽነው። ልጁ መሸሸጉን አልተወም፤ ይልቁንም ውሸት ጨመረበት። በኋላ አንዲት ጎረቤት እናት ወደ ቤታቸው ወሰዱት። እራቱን በየቀኑ በሰዓቱ ያቀርቡለት፣ ለነገ ቁርሱ የሚሆነውንም ማታውኑ ያሳዩት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ማንም ሳይቆጣው መሸሸጉ ቀረ። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ ስርቆት ብለን የጠራነው የነገን ረኀብ መፍራት ኖሯልና።

ነገ ማን እንደሚያበላው የማያውቅ ልጅ ለዛሬ ብቻ ያስባል። የተነገረው ቃል ሲፈጸም በየዕለቱ ካየ ግን ማመንን፣ ቀጥሎም መታመንን ይማራል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት 136 ሕፃናትን ይዞ የተካሄደ ጥናትም ከማሳደጊያ ተቋም ወጥተው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የገቡት፣ በተለይም በለጋነታቸው የገቡት፣ ከሰው ጋር በመተሳሰር እንደተሻሉ አሳይቷል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የቲም ነበሩ። አባታቸው ሳይወለዱ፣ እናታቸው አሚና ደግሞ በ6 ዓመታቸው ሞቱባቸው፤ አያታቸው አብዱልሙጦሊብ፣ ከእርሳቸውም ኅልፈት በኋላ አጎታቸው አቡ ጧሊብ በቤታቸው አሳደጓቸው።

የሚለወጠው ግን የቲሙ ብቻ አይደለም፤ ሰጪውም ነው። በ505 ዓመተ ሒጅራ (1111 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ለጋስ መሆን የሚሻ ስስታም ነፍሱን እየታገለ የለጋሶችን ሥራ እንዲደጋግም፣ በዚያም መስጠት ጠባዩ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ጠባይን የሚሠራው የስጦታው ብዛት ሳይሆን መዘውተሩ ነው።

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ የምንኖር ይህን ልናጤን ይገባናል። የቡና ገንዘብ እጃችን ሲገባ ልግስናችን ይበዛል፤ ክረምት ሲመጣ ይነጥፋል። አንድ ጊዜ በብዛት የሰጠ ሰውም «ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ነገር ግን በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት የብዙው ቤት ቡና ገና አልተሸጠም፤ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚፈለገው ግን ያን ጊዜ ነው። የቡና ችግኝ ለፍሬ እስኪደርስ ሦስትና አራት ዓመት ጥላና እንክብካቤ እንደሚሻ የምናውቅ ሰዎች፣ ልጅን በአንድ ቀን ስጦታ ለማሳደግ ማሰብ አይገባንም።

ስለዚህ ዘካችንን ሳናዘገይ፣ ከሰደቃችን ደግሞ የዓመቱን ድርሻ በሽያጭ ጊዜ ለይተን በየወሩ እናድርስ። የቲሙን በቤቱ እንጠይቀው፤ የማንፈጽመውን ቃል አንግባለት፤ ቢያጠፋም በሰው ፊት አናሳፍረው። ገንዘብ የሌለው በሳምንት አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር በማዕዱ ያስቀምጠው።

አላህ ሥራችንን የዘወተረና ለእርሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን። አሚን።