የሹፌሩ ዓይን ሲጥበረበር አደጋው የማን ነው?

ከገዳሪፍ ወደ ገላባት፣ ወደ ከሰላና ወደ ዋድ መዳኒ የሚወስዱትን መንገዶች የማያውቅ ቤተሰብ በመካከላችን አይገኝም። ብዙዎቻችን ተጭነን የመጣነው በእነሱ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳም እጅግ ብዙ ሰው ወደ ገዳሪፍ የሸሸው በእነዚሁ መንገዶች ነው። ዛሬም ለሥራ፣ ለሕክምናና ለገበያ የምንመላለሰው በእነሱ ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሹፌር ነው፣ ሌላው ረዳት ነው፣ ሌላው ረክሻ ይነዳል፤ የሚበዛው ግን ተሳፋሪና እግረኛ ነው።

ስለ መኪና አደጋ ሲወራ "ጎማ ፈነዳበት"፣ "ፍሬን እንቢ አለው"፣ "እንቅልፍ ጣለው" ሲባል እንሰማለን። "ዓይኑን አጥበረበረው" ሲባል ግን እምብዛም አንሰማም። ለምን ቢሉ፣ የፈነዳ ጎማ አስፋልት ላይ ተጥሎ ይገኛል፤ የተጥበረበረ ዓይን ግን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ያያልና ምልክት አይተውም።

ነገሩ የሹፌሩ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ዓይኑ የጨለመበት ሹፌር ዙሪያውን ብረት ከቦታል፤ ከብረቱ ውጭ ያለነው እኛ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በአንድ ዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። እንግዲህ የሹፌርን ዓይን መጠበቅ ማለት መንገድ ዳር የሚሄደውን ልጃችንን መጠበቅ ማለት ነው።

ዓይን ሲጥበረበር ምን ይሆናል?

የዓይናችን ብሌን በጨለማ ይሰፋል፣ በብርሃን ይጠባል። በጨለማ የሰፋ ብሌን ላይ ኃይለኛ መብራት ድንገት ሲያርፍ ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ይበተንና እንደ ጭጋግ መጋረጃ ይጋርዳል። መብራቱ ካለፈ በኋላም ዓይን ወዲያው አይመለስም፤ ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይህ ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። ከደማቅ ብርሃን ወጥቶ ጨለማን በሚገባ ለመልመድማ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልጋል።

"ጥቂት ሰከንድ ምን አላት?" የሚል ይኖራል። እስቲ እናስላው። በሰዓት 80 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ለ3 ሰከንድ ካላየ 66 ሜትር በጭፍን ሄደ ማለት ነው። በዚያ 66 ሜትር ውስጥ አንድ የአህያ ጋሪ፣ ሁለት ፍየል፣ እንጨት የተሸከመች አንዲት እናት ልትኖር ትችላለች።

ሌላም አለ። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲተላለፉ በመካከላቸው ወይም ከመብራቱ ጎን ያለ ሰው ከሹፌሩ ዓይን ጨርሶ ሊሰወር ይችላል። እግረኛው ግን "ይህን ያህል አብርቶብኝ እንዴት አያየኝም?" ብሎ ይተማመናል። መኪናውን እኛ ስላየነው ሹፌሩም አየን ማለት አይደለም።

ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?

የገዳሪፍ አገር ሜዳ ነው። እንደ ጎንደር ደጋ ፀሐይዋን የሚከልል ተራራ ስለሌለ ከአድማስ ብቅ ስትልም ሆነ ልትጠልቅ ስትል በቀጥታ ዓይን ውስጥ ትገባለች። አስቸጋሪዎቹ ሰዓቶች ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓትና ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ናቸው። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል የመኪናው የፀሐይ መከላከያ እንኳ አይደርስባትም።

መንገዶቻችንን ብናይ ወደ ዋድ መዳኒ የሚሄደው ወደ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ በማታ የሚነዳው ፀሐይን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ከዋድ መዳኒ ወደ ገዳሪፍ የሚመጣው ደግሞ በጠዋት ይቸገራል። በዶካ በኩል ወደ ገላባት የሚወስደው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያቀናል፤ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትወጣ ጠዋት የሚነዳውን በግራ ፊቱ ታገኘዋለች። ወደ ከሰላ የሚሄደው ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ እሱን የምታስቸግረው በሰኔና በሐምሌ ጠዋት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ከባድ አይደለም። መነሻን በአንድ ሰዓት ማዘግየት ወይም ማስቀደም ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ ፍጥነት መቀነስ፣ ከፊት ካለው መኪና ራቅ ማለት፣ ከፊት ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ማድረግ። ፀሐይዋ ከጀርባችን ስትሆን ደግሞ እኛ በደንብ እናያለን፤ ከፊት የሚመጣው ግን አያየንም። ያን ጊዜ በቀንም ቢሆን አጭሩን መብራት ማብራት ብልህነት ነው።

መነጽር ስንገዛ

የፀሐይ መነጽር ጠቃሚ ነው፤ ግን ጠቆር ያለው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ዋናው ነገር ጎጂውን የፀሐይ ጨረር ማገዱ ነው። ጨረሩን የማያግድ ጥቁር መነጽር ብሌኑን አስፍቶ ጨረሩን የበለጠ ሊያስገባ ይችላል። ሲገዙ "ዩቪ 400" የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ጽሑፉ ብቻውን ማረጋገጫ ስላልሆነ የሚያምኑት መነጽር ቤት ቢሆን ይመረጣል። አንዳንድ መነጽር ላይ ደግሞ የጥቁረት ደረጃው ከ0 እስከ 4 ተጽፎ ይገኛል። 4 ቁጥር እጅግ ጨለማ ስለሆነ ለመንዳት አይሆንም። ለቀን 2 ወይም 3 ይበቃል። ቀለሙ ግራጫ ወይም ቡናማ ቢሆን ጥሩ ነው።

በማታ ጥቁር መነጽር አድርጎ መንዳት ፈጽሞ አይገባም። "የማታ መነጽር" እየተባለ የሚሸጠው ቢጫውስ? በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን የዓይን ተመራማሪዎች ሞክረውት ነበር። ቢጫ መነጽር ያደረጉት ሰዎች ከፊት የመኪና መብራት ሲመጣባቸው እግረኛን በማየት በኩል ያገኙት ጥቅም አልነበረም። ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት።

ረክሻ ለሚነዱ ወንድሞች ግን አንድ ምክር አለን። ረክሻ በር ስለሌለው አቧራው ዓይን ውስጥ ይገባል። በማታ ቀለም የሌለው ነጭ መነጽር ብታደርጉ ከአቧራና ከነፍሳት ይጠብቃችኋል።

"እሱ ካላወረደ እኔስ ለምን አወርዳለሁ?"

በማታ ትልቁ ጠብ ይኸው ነው። አንዱ ረጅሙን መብራት ለቆ ይመጣል፣ ሌላው ተናዶ የራሱን ይለቅበታል። ውጤቱ ምንድን ነው? በአንድ ጠባብ አስፋልት ላይ አንድ የታወረ ሹፌር የነበረው ሁለት ሆነ ማለት ነው! ተበቅሎ የተጠቀመ የለም። የሚሻለው የራስን አውርዶ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ መብራቱን ትኩር ብሎ ሳያዩ ዓይንን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ መጣል ነው። በኢትዮጵያም በሱዳንም የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ የቀኙ ጠርዝ ይመራል።

አጭር መብራት የሚያሳየው 40 ወይም 50 ሜትር ያህል ነው። በ80 የሚሄድ ትንሽ መኪና ለመቆም ከ50 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ የተጫነ ሎሪማ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ በአጭር መብራት በ80 የሚነዳ ሰው ያየው ነገር ላይ ሳይደርስ መቆም አይችልም።

ብዙ ሹፌር የማያስተውለው ነገር ጭነት ነው። የሰሊጥና የማሽላ መከር ሲደርስ ሎሪው ከልክ በላይ ይጫናል፤ ፒካፑም ከኋላ ሰው ይሞላል። የኋላው ሲወርድ አፍንጫው ቀና ይላል። ያን ጊዜ አጭሩ መብራት እንኳ አስፋልቱን ትቶ የሌላውን ሹፌር ዓይን ይመታል። በየቦታው የሚገጠመው ተጨማሪ ፓውዛና ነጩ የኤል ኢ ዲ መብራትም በትክክል ካልተስተካከለ ያው ነው። ለባለቤቱ ያደምቅለታል፣ ሌላውን ያውራል። ጭነት ስትጭኑ መብራቱን ግድግዳ ላይ አብርታችሁ እዩ፤ ከፍ ካለ አስተካክሉት።

ከዚህ ሌላ ወጪ የሌላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፦

- የፊት መስታወቱን ከውጭም ከውስጥም ማጽዳት። አቧራና ቅባት የያዘ መስታወት እያንዳንዱን መብራት ይበትናል። በደረቅ ጨርቅ ግን አትጥረጉ፤ አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት መስታወቱን ይፍቀዋል፣ የተፋቀ መስታወት ደግሞ ለዘለቄታው ያጥበረብራል። ውኃ ቢወደድም ለዚህ አንድ ጣሳ አትንፈጉ።
- ዳሽቦርድ ላይ ነጭ ወረቀትና የሚያብለጨልጭ ጌጥ አለማስቀመጥ። በመስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል።
- የውስጡን ስፖኪዮ ወደ ማታ አቀማመጥ ማዞር።
- ጋቢና ውስጥ መብራትና የስልክ ብርሃን ማጥፋት። ይህ ተሳፋሪንም ይመለከታል!

የሃቡብ አቧራ ሲነሳ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ከአቧራው ተመልሶ ራሳችሁን ያሳውራችኋል። በአጭሩ እየቀነሱ መሄድ፣ ካልተቻለም ከአስፋልቱ ፈጽሞ ወጥቶ መቆም ይሻላል።

እግረኛውና ባለጋሪውስ?

እኛም ድርሻ አለን። በማታ መንገድ ዳር ስንሄድ በግራ በኩል፣ ከፊታችን የሚመጣውን መኪና እያየን እንሂድ። ነጭ ነጠላም ሆነ ነጭ ጀለቢያ በጨለማ ከሩቅ ይታያል፤ ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ ግን ቅርብ ካልደረሱ አይለይም። ልጆችን ወደ ውጭ በኩል፣ ትልቁ ሰው ወደ አስፋልቱ በኩል ይሁን።

የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው ሹፌሩ እንዲያየው ብሎ ፊቱ ላይ ያበራበታል። ይህ ሹፌሩን ማሳወር ነው። ባትሪውን ወደ እግራችን ወይም ወደ ልብሳችን ብናበራ ያየናል፣ ዓይኑም አይጎዳም። ባለጋሪዎች ከተሰበረ የመኪና የኋላ መብራት ላይ ቀዩን አንጸባራቂ ፕላስቲክ ወስዳችሁ ከጋሪው ኋላ ብታስሩ ከብዙ ነገር ይጠብቃችኋል። ትራክተርና ተሳቢ ያለ ኋላ መብራት በማታ መውጣት የለበትም።

ተሳፋሪም ቢሆን "ፍጠን፣ መሸብን" እያለ ሹፌሩን ማጣደፍ የለበትም። "ቀስ በል ወንድሜ" ማለት ነውር አይደለም።

መብራት በጣም የሚያስቸግረው ሰው ይመርመር

አንዳንዴ ጥፋቱ የመብራቱ ሳይሆን የዓይኑ ሕመም ነው። በመብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታየው፣ ከበፊቱ ይበልጥ ብርሃን የሚያስጨንቀው ሰው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪም ይየው፤ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ፀሐይና አቧራ የበዛበት ሰው ነጩ ዓይኑ ላይ ሥጋ ሊበቅልበት ይችላል። ትራኮማም አለ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የዓይን ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚፍቀው ሰው ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀለ ከሚኖር ቀላል የሆነውን ቀዶ ሕክምና ቢያገኝ ይሻለዋል፤ ጠባሳው ከባሰ ብርሃን መቋቋም አይቻልም።

ከሱቅ በራስ ፈቃድ የዓይን ጠብታ መግዛት አደገኛ ነው። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ መቅላቱን ቶሎ ያጠፋል፤ ሲቆይ ግን ግላኮማና ሞራ ያመጣል።

ዳፍንትን ደግሞ ወላጆች ሁሉ ልብ በሉ። ቀን በደንብ የሚያይ ልጅ ሲመሽ የሚደናቀፍ ከሆነ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ካሮት፣ ማንጎና አረንጓዴ ቅጠል ይረዳሉ። ቫይታሚን ኤ የተጨመረበት የዕርዳታ ዘይትም ለዚሁ ይጠቅማልና ሁሉንም ገበያ አውጥታችሁ አትሽጡት።

እንግዲህ ከተዘረዘረው ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። አንድ ጣሳ ውኃ፣ አንድ ነጭ ነጠላ፣ መብራት የሚያወርድ አንድ ጣት ነው የሚፈለገው። ቤታችሁ ሹፌር ወይም ረዳት ካለ ይህችን ጽሑፍ አንብቡለት፤ ማንበብ የሚችል ልጅም ለጎረቤቱ ያንብብ።

በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ግቡ!