የሴት እንቁላልን አቀዝቅዞ ማቆየት

የሴት እንቁላልን አቀዝቅዞ ማቆየት፣ ከወንድ ዘር ጋር ገና ያልተገናኘ እንቁላል ከሰውነት ወጥቶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የሚቀመጥበት ሕክምና ነው። ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር ከመጀመራቸው በፊት የመውለድ ተስፋቸውን ማቆየት የሚፈልጉ የካንሰር ሕሙማን ይጠቀሙበታል። ጤነኛ ሆነው መውለድን ለኋላ ያሉ ሴቶችም እንዲሁ። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ ወዲያ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ ጥራቱም አብሮ ይወርዳል።

በተፈጥሮ በወር የሚበስለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ነው። ብዙዎቹ በአንድ ዙር እንዲበስሉ ሴቲቱ ለ10 ቀን ያህል ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ የሆርሞን መርፌ ሆዷ ላይ ትወጋለች፤ ብዙዎች ቤታቸው ሆነው ራሳቸው ይወጉታል። እንቁላሎቹን የሚያበስለው የመጨረሻው መርፌ ከተሰጠ 36 ሰዓት ገደማ በኋላ ሐኪሙ ታካሚዋን አስተኝቶ፣ በአልትራሳውንድ እየተመራ፣ በብልት ግድግዳ በኩል ባስገባው ቀጭን መርፌ እንቁላል ያለባቸውን ከረጢቶች ፈሳሽ ይመጥጣል። ሆድ መነፋቱ የተለመደ ነው። አልፎ አልፎ ግን ሆድ ውሃ ይቋጥርና ሆስፒታል መተኛትን ያመጣል።

ላብራቶሪ ውስጥ ባለሙያው ፈሳሹን በማይክሮስኮፕ እያየ እንቁላሎቹን ይለቅማል፣ የከበቧቸውንም ሴሎች ያራግፋል። የበሰለው እንቁላል ይታወቃል፦ ከቅርፊቱ ሥር፣ በአንድ ጎኑ፣ ትንሽ ክብ አካል ተለጥፋበት ትታያለች።

አስቸጋሪው ማቀዝቀዙ ነበር። ቀዝቅዞ ከቆየ የወንድ ዘር ልጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሆን፣ እንቁላል ግን እስከ 1986 አልተቻለም፤ በዚያ ዓመት የአውስትራሊያው ሐኪም ክሪስቶፈር ቼን የመጀመሪያውን ውጤት አሳወቀ። እንቁላል ከሰውነት ሴሎች ሁሉ ትልቁ፣ ስፋቱ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የሚያህልና በውሃ የተሞላ ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ሲረጋ ስለታም የበረዶ ቅንጣት ይሆንና ውስጡን ይቀድዳል። ቅርፊቱም ስለሚጠነክር የወንድ ዘር ሰብሮ መግባት ይሳነዋል። ይህን ሁለተኛውን ችግር የፈታው አንዲትን የወንድ ዘር በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ የሚያስገባው ዘዴ ነው፤ በ1997 ቦሎኛ ላይ የኤሌኦኖራ ፖርኩ ቡድን በዚሁ መንገድ ልጅ አስወለደ። በ2004 ጣሊያን ሽል ማቀዝቀዝን በሕግ ስትከለክል የአገሪቱ ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ እንቁላል አዞሩ። ሊያጠብቅ የወጣ ሕግ ሙያውን ገፋው ማለት ይቻላል።

በረዶን ያሸነፈው ግን ፍጥነት ነው። ቪትሪፊኬሽን በሚባለው ዘዴ እንቁላሉ ወፍራም የመከላከያ ውህድ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ሲወጣ ይሟሽሻል፣ ውህዱ ሲገባ መልሶ ይሞላል። ከዚያ በቀጭን ፕላስቲክ ጫፍ ላይ፣ ዓይን በማይሞላ ጠብታ ውስጥ ሆኖ፣ በቀጥታ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል። ቅንጣት ለመሆን ጊዜ ያጣው ውሃ እንደ መስታወት ይደርቃል። ጃፓናዊው ማሳሺጌ ኩዋያማ በ2005 ያቀረበው ዘዴ በዓለም ተሰራጨ፤ የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበርም በ2012 ከእንቁላል ማቀዝቀዝ ላይ «የሙከራ» የሚለውን ስያሜ አነሳ።

እንቁላሉ ሲፈለግ በሞቀ ፈሳሽ በቅጽበት ይሟሟል፣ ከወንድ ዘር ጋር ይገናኛል፣ ሽሉም ጥቂት ቀን አድጎ ማህፀን ውስጥ ይገባል። በየደረጃው የሚቀር አለ፦ ሲሟሟ የሚሞት፣ የማይፀነስ፣ ፀንሶም የማያድግ። በርካታ እንቁላል አስቀምጡ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያም ሆኖ ልጅ እንደሚወለድ ዋስትና የለም፣ ዋስትና ነው ብሎ የሚሸጥ ክሊኒክም ሊታመን አይገባም። ውጤቱን የሚወስነው በዋናነት እንቁላሉ ሲወጣ የነበረው የሴቲቱ ዕድሜ እንጂ በታንኩ ውስጥ የቆየበት ዘመን አይደለም።

ታንኩ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ናይትሮጅኑ እየተነነ ስለሚያልቅ በየጊዜው ይሞላል። በማርች 2018 በሳን ፍራንሲስኮና በክሊቭላንድ አካባቢ ሁለት ታንኮች ተበላሽተው በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችና ሽሎች ለጉዳት ተዳርገዋል። የማስቀመጫ ክፍያው በየዓመቱ የሚታሰብ ሲሆን፣ የቆይታው ገደብ እንደየአገሩ ይለያያል፦ ብሪታንያ 10 ዓመት የነበረውን በ2022 ወደ 55 አሳድጋለች፣ ሴቲቱ በየ10 ዓመቱ ፈቃዷን እስካደሰች ድረስ።