ተማሪው በከተማው ሸንጎ

ከደብረ ሲና ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ለትምህርት በመጣበት ከተማ እንግዳ ተብሎ ይቆጠራል። ከተማው ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድና ስለ ሌሊት ጸጥታ የሚወስነው ውሳኔ ግን እንግዳና ባለቤት ሳይለይ ይነካዋል። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ቅራኔ ነው።

የአገራችን ተማሪ በአካባቢ አስተዳደር ላይ ያለው ታሪክ መራራ መሆኑ አይካድም። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን አሰማራ። ዘማቹ ገበሬውን ሲያደራጅ በየቦታው ከነባር ሹማምንት ጋር ተጋጨ፤ መንግሥትም እንደ ትእዛዝ ፈጻሚ እንጂ እንደ ባለድምፅ ሊያየው አልፈቀደም፤ ብዙዎችም ዘመቻውን ጥለው ሄዱ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 የቆመው የከተማ ቀበሌ ደግሞ በቀይ ሽብር ጊዜ ወጣቱ የሚታሰርበት ደጃፍ ሆነ። ወላጅ ዛሬም «ልጄ፣ ፖለቲካ ይቅርብህ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ 18 ዓመት ለሞላው ዜጋ የመምረጥ መብት ሰጥቷል፤ የምርጫ ሕጉ የሚጠይቀው የስድስት ወር ነዋሪነት ነው። ይሁንና በ2005 ዓ.ም. የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በ2010 ዓ.ም. ሊደገም ሲገባው ተራዘመ። ያን ጊዜ 18 ዓመት የሞላው ወጣት አሁን ሠላሳን ደፍኗል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ምሩቅ ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ሄደ!

«የአራት ዓመት እንግዳ ለዕድሜ ልክ ነዋሪ አይወስንም» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር በሌላም አገር ተነሥቶ ተሸንፏል። በአሜሪካ የመራጭ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ 18 ከወረደ በኋላ፣ በቴክሳስ ዋለር አውራጃ የፕሬሪ ቪው ጥቁር ተማሪዎች «ነዋሪ አይደላችሁም» ተብለው ከመዝገብ ተከለከሉ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1979 ለተማሪዎቹ ተፈረደ። በእኛ እምነት አንድ ተማሪ ቢሄድ ሌላው በቦታው ይተካል፤ ስለዚህ ተማሪነት የከተማው ቋሚ ነዋሪ ነው።

በመሆኑም ምክር ቤቱ የከተማውን በጀት ከማጽደቁ በፊት የተማሪ ተወካዮችን ጠርቶ ስለ ውኃው፣ ስለ ትራንስፖርቱና ስለ ቤት ኪራዩ ያዳምጥ። ለዚህ ምርጫ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በመጪው የበጀት ስብሰባ ሊጀመር ይችላል።